«አልታየም» ብላ ለጻፈችልን የላብራቶሪ ባለሙያ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ወር በፊት ነው። ወንድሜ በደንብ እስኪያገግም ብዬ አቆየሁት።

ታናሽ ወንድሜን ተቅማጥ አምስት ወር ሙሉ ሲያሰቃየው ከረመ። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ይመላለሳል፣ ሌሊት ይነሳል፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። በሄድንበት ሁሉ ሰገራ ይሰጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ወረቀት ይመጣል፦ «አሜባ»። ሜትሮኒዳዞል ይታዘዝለታል። ሦስት ጊዜ ጨረሰው። አራተኛው ላይ ቲኒዳዞል ሆነ። ሻል አለው ስንል ተመልሶ ያው ነው፤ ኋላ ላይማ ደም መቀላቀል ጀመረ።

አንዲት ጎረቤታችን ገርጂ አካባቢ ያለች አንድ ትንሽ ክሊኒክ ጠቆመችን። ናሙናውን ከቤት ይዘን ነበር የሄድነው። የላብራቶሪዋ ልጅ መጀመሪያ የጠየቀችን «ስንት ሰዓት ላይ የወጣ ነው?» ብላ ነው። ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው ስንላት አልተቀበለችም። የሚንቀሳቀሰው አሜባ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ብዙ ስለማይቆይ ቀጭን ሰገራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት አለችን። ንጹሕ ዕቃ ሰጥታ፣ ሽንት እንዳይቀላቀልበት ነግራው እዚያው ክሊኒኩ ሽንት ቤት ላከችው። ምን ምን መድኃኒት እንደወሰደና መቼ እንዳቆመም ጠየቀችው። በአምስት ወር ውስጥ ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን አይበቃም ብላ ቀን እያሳለፈች ሦስት ጊዜ አስመጣችው። ጃርዲያ የሚባለው ሌላው የአንጀት ጥገኛ ዛሬ ታይቶ ነገ ላይታይ ይችላል። ከዚያ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው የአሜባ አንቲጂን ምርመራም (የአሜባውን ፕሮቲን በሰገራ ውስጥ የሚፈልግ) ተጨመረ፤ ምክንያቱም ጉዳት የሚያደርሰውን አሜባ ከማይጎዳው መሳዩ በማይክሮስኮፕ ብቻ መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ሦስቱም ቀን የጻፈችው አንድ ነው። ጥገኛ ተሕዋስ አልታየም፣ ነጭና ቀይ የደም ሴል በብዛት አለ። አንቲጂኑም ኔጌቲቭ መጣ። እውነቱን ልናገርና እኔ በመጀመሪያው ቀን ተናድጄ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ የታመመ ልጅ ይዘን መጥተን እንዴት ምንም የለም ትይናለሽ አልኳት። እሷ ግን አልተቆጣችም። አስቀምጣ አስረዳችኝ። «እህቴ፣ ምንም የለም አላልኩም። አንጀቱ እንደቆሰለ ያሳያል። አሜባ ግን አላየሁም፤ ያላየሁትን አልጽፍም» አለችኝ። አንዳንዱ ነጭ የደም ሴል በማይክሮስኮፕ ሲታይ አሜባ ሊመስል እንደሚችልም ከእሷ ነው የሰማሁት።

ሐኪሙ በዚያ ውጤት ተነስቶ ካልፕሮቴክቲን የሚባለውን የሰገራ ምርመራ አዘዘ። አንጀት ሲቆጣ ከነጭ የደም ሴል የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ብዙውን ጊዜ ከ50 በታች ሲሆን ደህና ይባላል፤ የወንድሜ ከ900 በላይ ሆኖ መጣ። ከዚያ ኮሎኖስኮፒ ተደረገለት፣ ማለትም ትልቁ አንጀቱ በካሜራ ታየ፣ ከአንጀቱም ናሙና ተወሰደ። አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ነው፤ ትልቁን አንጀት የሚያቆስል የቆየ በሽታ። ለዚህ በሽታ ሲብስ የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባል ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት አሜባ ላለበት ሰው ከባድ አደጋ ያመጣል፣ አንጀት እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል። ሐኪሙ ስቴሮይዱን ከማዘዙ በፊት የእሷን ሦስት ወረቀቶች አንድ በአንድ አይቶ «ይህች ልጅ አልታየም ካለች አምናታለሁ» ሲል እንባዬ መጣ።

ዛሬ ወንድሜ ሥራ ገብቷል። ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል፣ ኪሎውም እየተመለሰ ነው። መድኃኒቱንና ክትትሉን ግን አላቋረጠም።

እህቴ፣ ስምሽን ሳትፈቅጂልኝ አልጽፍም። ግን ይህን ካየሽ እናታችን በየጸሎቷ እንደምታነሳሽ እወቂ። እጅሽ ይባረክ።

ተቅማጥ ከአራት ሳምንት በላይ የቆየባችሁ፣ በተለይ ደም ያያችሁ ወይም ክብደት የቀነሳችሁ፣ እባካችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ ፍላጂል (ያው ሜትሮኒዳዞል) እየገዛችሁ አትቆዩ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ክሊኒኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ልጅቷ ጠዋት ነው የምትገባው። ናሙና ከቤት ይዛችሁ አትሂዱ፣ እዚያው ዕቃ ትሰጣችኋለች።