ልጄን ድርሰት ላስተማሩልኝ መምህርት ምስጋና

ልጄ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚያስፈልጋትን የግል ድርሰት ስትጽፍ ለሦስት ወራት ያገዙልኝን መምህርት በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ስማቸውን ያልጠቀስሁት እርሳቸው ስላልፈለጉ ነው።

ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ በሚቀበሉት የኢንተርኔት ማመልከቻ፣ በኮመን አፕ፣ በኩል የሚላከው የግል ድርሰት ከ650 ቃላት መብለጥ አይችልም። ልጄ በመጀመሪያ ያንን ጠባብ ቦታ «ሰው መርዳት እወዳለሁ፣ ታታሪ ነኝ፣ ኃላፊነት ይሰማኛል» በሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ሞልታው ነበር፤ እኔም አንብቤ ጥሩ ነው ብያት ነበር። መምህርቷ ግን አንድም መስመር ሳይሰርዙ «በቅርቡ የረዳሽው ሰው ማን ነው? የት ነበራችሁ? እጅሽስ ምን ይሠራ ነበር?» ብለው ጠየቋት።

ልጄ ከብዙ ዝምታ በኋላ የአያቷን ነገር አነሳች። እናቴ ዓይናቸው ስለደከመ የጠዋቱንና የማታውን የመድኃኒት ጠርሙስ መለየት ይቸገሩ ነበር። ልጄ በመጀመሪያ ቀይና ሰማያዊ ክር ብታስርላቸውም ቀለሙን መለየት ስላልቻሉ፣ በጠዋቱ ጠርሙስ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ በማታው ላይ ሁለት ቋጠሮ አደረገችላቸው። ያንን ክር በየቀኑ እያየሁ ምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሁን ድርሰቱ የሚጀምረው የአያቷ አውራ ጣት ቋጠሮውን ሲዳስስ ነው፤ «ኃላፊነት» የሚለው ቃልም ከነጭራሹ የለበትም።

ልጄ የቀለሙን ክር ጉዳይ ለመተው ፈልጋ ነበር። መምህርቷ ግን አንባቢ የጸሐፊዋን አስተሳሰብ የሚያየው የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፎ ሌላ መላ ስትፈልግ መሆኑን አስረድተው በድርሰቱ ውስጥ እንዲቆይ አደረጉ። ያላለቀሰችውን ለቅሶ እንዳትጨምር አጥብቀው አስጠንቅቀዋታል፤ ታሪኩን ከተረከች በኋላም ከዚያ ምን እንደተረዳች በራሷ አንደበት እንድትጽፍ ድርሰቱን ደጋግመው መልሰውላታል። ለትምህርት ቤት በምትጽፈው የመከራከሪያ ድርሰት ውስጥ ግን ታሪክ መግቢያ ሊሆን ቢችልም ማስረጃን እንደማይተካ ለይተው አስተምረዋታል። በእነዚህ ሦስት ወራት ውስጥ አንድም ዐረፍተ ነገር አልጻፉላትም፤ ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸውም ለዚህ ነው።

የዩኒቨርሲቲዎቹ መልስ ገና አልደረሰንም። ሆኖም ልጇ ወይም ልጁ ሐሳብ እያላቸው ወረቀት ላይ ሲደርሱ የሚደርቁባቸው ወላጆች ካላችሁ፣ እኚህን መምህርት ከልቤ እጠቁማችኋለሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። የሚቀበሉት ጥቂት ተማሪ ብቻ ስለሆነና አንድን ድርሰት ደጋግመው ስለሚያጽፉ፣ የማመልከቻው ጊዜ ከመድረሱ ወራት ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።