«ባለ 4 ጌጅ ሙሉ ኪት» የሚባለውን የአምፕሊፋየር ገመድ ሳታስመዝኑ እንዳትገዙ

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ለመኪናችሁ አምፕሊፋየር ገዝታችሁ ራሳችሁ ልትገጥሙ ካሰባችሁ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። ማስጠንቀቂያው በዋናነት ስለ አምፑ አይደለም። ከአምፑ ጋር «ሙሉ ኪት ነው፣ ሌላ ምንም አያስፈልግህም» እየተባለ በላስቲክ ታሽጎ ስለሚሰጠው የገመድ ጥቅል ነው። ወፍራም ቀይ ገመድ፣ አጭር ጥቁር ገመድ፣ ፊውዝ ያለበት መያዣ፣ ቀጭን ሰማያዊ ሽቦ፣ ቀይና ነጭ ጃክ ይኖሩታል። ላዩ ላይ «4 ጌጅ፣ 2000 ዋት» የሚል በትልቁ ተጽፏል፤ ጌጅ የገመድ ውፍረት መለኪያ ነው። ከእነዚህ ርካሽ ኪቶች ብዙዎቹ ሲላጡ ግን 4 ጌጅም አይደሉም፣ መዳብም አይደሉም።

እውነተኛ 4 ጌጅ ገመድ ፕላስቲኩ ሳይቆጠር የመዳቡ ውፍረት 21 ካሬ ሚሊሜትር ነው። የኪቱ ገመድ ግን ፕላስቲኩ ሆን ተብሎ ወፍራም ስለሚሠራ ከውጭ ሲያዩት 4 ጌጅ ይመስላል፤ ሲላጥ የሚወጣው ሽቦ 8 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። ሽቦው ራሱ አሉሚኒየም ሲሆን መዳብ በስሱ ለብሷል። በካርቶኑ ጥግ በትንሹ «ሲሲኤ» (CCA) የሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካያችሁ ትርጉማቸው ይኸው ነው። ሲሲኤ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ በስሙና በዋጋው ከተሸጠና ውፍረቱ በቂ ከሆነ ይሠራል። ጥፋቱ ቀጭኑን አሉሚኒየም በወፍራም መዳብ ስም መሸጥ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ከባትሪው እስከ መኪናው ኋላ 5 ሜትር ገመድ ዘርግታችሁ አምፑ 40 አምፒር ቢስብ፣ በእውነተኛው 4 ጌጅ መዳብ ላይ የሚባክነው ቮልት 0.16 ብቻ ነው። በ8 ካሬ ሚሊሜትር ሲሲኤ ላይ ግን 0.7 ቮልት ገደማ ይጠፋል። የጠፋው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፦ በመዳቡ 6 ተኩል ዋት፣ በሲሲኤው 27 ዋት ያህል። ይህ ሙቀት የሚወጣው ደግሞ አየር በማያገኘው ምንጣፍ ሥር፣ በድሬ የግንቦትና የሰኔ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ በጋለ መኪና ውስጥ ነው።

ከገመዱ መሃል ይልቅ የባሰው ጫፉ ላይ ነው። አሉሚኒየም በብሎን ተጠብቆ ሲታሰር ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ዛሬ ያጠበቃችሁት ከጥቂት ወራት በኋላ ላልቶ ይገኛል። የተላጠውና የተቆረጠው ክፍል አየር ሲነካው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያወጣል። የላላ መጋጠሚያ ይግላል፣ የጋለው ይበልጥ ይላላል። በድሬና በሐረር መካከል ያለውን የደንገጎን ጠመዝማዛ በየቀኑ እየወጣ የሚወርድ፣ ሁሌም የሚርገፈገፍ መኪና ከሆነ ደግሞ ይህ ቶሎ ይመጣል። የአምፑ ተርሚናል ላይ ፕላስቲኩ ቀልጦ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አምፑ ሳይሆን ይኸው ጫፍ ነው።

ፊውዙስ አያድነንም ወይ ትሉ ይሆናል። ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ለዚህም ገመዱ ከሚችለው በታች ሆኖ መመረጥ አለበት። በነዚህ ኪቶች ውስጥ የሚመጣው ፊውዝ ግን በውሸቱ ቁጥር የተመረጠ ነው፤ 60 ወይም 80 አምፒር የተጻፈበት ይሆናል። ያ ቀጭን ሲሲኤ 60 አምፒርን ለረጅም ጊዜ መሸከም አይችልም። ስለዚህ ፊውዙ ሳይበጠስ በፊት ገመዱ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ከቦዲው ጋር ይነካካል። እሳት የሚነሣው እንዲህ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ልታረጋግጡ ትችላላችሁ። ቀላሉ መንገድ ሚዛን ነው፣ ጥቅሉን መክፈትም አያስፈልግም። 21 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ በሜትር 190 ግራም ይመዝናል፤ 5 ሜትሩ መዳቡ ብቻ 950 ግራም ነው። ፕላስቲኩ፣ ጥቁሩ ገመድና ጃኩ ሲጨመር ጥቅሉ ከ1 ኪሎ በደንብ ማለፍ አለበት። ድሬ ከፊራ ገበያ ካለ ከየትኛውም የቲማቲም ሚዛን ላይ አውጡት፤ ግማሽ ኪሎ ካላለፈ ውይይቱ አለቀ። ቀጥሎ ጫፉን አስልጡና አንዷን ክር በምላጭ ፋቁ። ውስጧ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ተገላቢጦሹ እንዳያሳስታችሁ፦ ላዩ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ውስጡ ቀይ የሚወጣው ቆርቆሮ የተነከረ መዳብ ነው፣ እሱ እንዲያውም ጥሩ ዕቃ ነው። ክሯን በላይተር ነበልባል ጫፍ ብትይዟት መዳብ ቀልቶ ይቆያል፣ አሉሚኒየም ይሟሽሽና ይበጠሳል፤ መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሲሆን አሉሚኒየም ግን በ660 ነው። ሻጩ ጫፉን አላስልጥም ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

አምፑ ላይ የተጻፈውንም ዋት አትመኑ። ጀርባው ላይ ያሉትን ፊውዞች ደምሩ። ሁለት ባለ 20 ካሉት 40 አምፒር ነው፤ 40 በ13.8 ቮልት ሲባዛ 552 ዋት ይሆናል። ይህ ከባትሪው የሚወስደው እንጂ ለስፒከር የሚሰጠው አይደለም። ተራ አምፕ ግማሽ ያህሉን፣ ክላስ ዲ የሚባለው ደግሞ ከሦስት አራተኛው ትንሽ ከፍ ያለውን ያስተላልፋል። ስለዚህ ያ «2000 ዋት» በእውነቱ ከ280 እስከ 430 ዋት ነው። እውነተኛ 2000 ዋት ክላስ ዲ እንኳ ቢሆን ከባትሪ 180 አምፒር ገደማ ይፈልጋል። የአሮጌ ኮሮላ ዲናሞ በሙሉ አቅሙ ከ50 እስከ 70 አምፒር ነው የሚሰጠው። የሐረሮቹን ፔጆ 404 እና የድሬን ባጃጅ አስቡት እንግዲህ፤ የባጃጅ ቻርጅ ለመብራትና ለጥሩምባ ታስቦ የተሠራ ነው።

ታዲያ ምን እንግዛ? ኪቱን ተዉና በሜትር ግዙ። የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫዎች የብየዳ ማሽን ገመድ በሜትር ይሸጣሉ፤ ክሩ ደቃቅ ስለሆነ እንደልብ ይተጣጠፋል። 25 ካሬ ሚሊሜትሩ ከ4 ጌጅ ትንሽ ይበልጣል፤ እስከ 60 አምፒር ለሚስብ አምፕ 16 ካሬ ሚሊሜትሩ ይበቃል። የብየዳ ገመድም ሲሲኤ ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል የምላጩን ፈተና አትዝለሉ። ሞተር ክፍል ውስጥ የሚያልፈውን ርዝመት ከሙቀትና ከዘይት እንዲጠብቀው ቱቦ አልብሱት። የቤት መስመር ደረቅ ሽቦ ግን በጭራሽ አትጠቀሙ፤ አንድ ወጥ ስለሆነ በንዝረት ይሰበራል።

ስትገጥሙ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፣ መጨረሻ ላይ መልሱ። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ45 ሳንቲሜትር ውስጥ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ያለው ርዝመት ሁሉ ጥበቃ የለውም። ልኩ የአምፑ ፊውዞች ድምር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ፣ ለምሳሌ ለ40 አምፒር አምፕ 50፣ ይበቃል። ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ላሜራ ስታሳልፉ ቀዳዳው ላይ የጎማ ቀለበት ካላደረጋችሁ የላሜራው ስለት ገመዱን በንዝረት ይልጠዋል፤ ናስትሮ መጠቅለል አይተካውም። ቀዩን ገመድ በአንድ ወገን፣ ጃኩን በሌላው ወገን ዘርጉ፤ አብረው ከሄዱ ሞተሩ ሲነሣ የሚያፏጭ ድምፅ ይመጣል። ከአምፑ ወደ ቦዲው የሚሄደው ጥቁሩ ኔጋቲቭ እንደ ቀዩ ፖዘቲቭ ወፍራም፣ ርዝመቱም ከ45 ሳንቲሜትር ያልበለጠ ይሁን፤ የሚታሰርበትን ቦዲ ቀለሙ ለቆ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ ጫፉን በካፖኮርዳ (ገመዱ ጫፍ ላይ በሚጨመቅ ባለ ቀዳዳ ብረት) አጥብቁት። የመቀመጫ ቀበቶ ብሎን ላይ አታያይዙት። ሰማያዊው ቀጭን ሽቦ ከቴፑ የሪሞት ሽቦ ጋር ነው የሚገናኘው፤ በቀጥታ ከባትሪ ከወሰዳችሁት አምፑ ሌሊቱን በርቶ አድሮ ጠዋት መኪናው አይነሣም።

ኪቱን ገዝታችሁ ገጥማችሁት ከሆነ ዛሬውኑ ፈትሹት። ሞተሩ እየሠራ፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ 20 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ገመዱን በተለይ ጫፎቹንና የፊውዙን መያዣ በእጃችሁ ንኩ። ለብ ካለ ጥሩ ነው፣ የሚያስለቅቅ ሙቀት ካለው ሙዚቃውን አጥፉ። በቴስተር የባትሪውን ቮልት፣ ወዲያው ደግሞ የአምፑን ተርሚናል ለኩ፤ ልዩነቱ ከ0.5 ቮልት ከበለጠ ገመዱ ወይም ኔጋቲቩ አይሆንም። አዲስ ገመድ እስክትገዙ ድረስ ፊውዙን አውጥታችሁ ባለ 30 አስገቡ። ድምፁ ሲጮህ ይበጠስ ይሆናል፤ ይበጠስ፣ ትልቅ አትተኩበት። ጃኩንና ሰማያዊውን ሽቦ መጣል አያስፈልግም፣ እነሱ ብዙ ኃይል አይሸከሙም።

ገና የምትገዙ ከሆነ ደረሰኙ ላይ «ንጹህ መዳብ» የሚል ቃልና ካሬ ሚሊሜትሩ እንዲጻፍ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። በቃል «ኦሪጅናል ነው» የሚል ሻጭ ያንኑ በጽሑፍ ለመስጠት ካመነታ፣ ኪቱን መልሱለትና ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሂዱ።