ሙርጌት ላይ የሄድኩበት የእግር ጉብኝት

ለንደን ውስጥ አካውንታንት ነኝ። ቅዳሜ ዕለት በ15 ፓውንድ የሙያዬን ታሪክ በእግር ጎበኘሁ። አስጎብኚያችን ጡረታ የወጡ አካውንታንትና የቀድሞ የተጠባባቂ ጦር መኮንን ናቸው፤ ሲያወሩ ይጣፍጣል።

መነሻው ሙርጌት ፕሌስ፣ የቻርተርድ አካውንታንቶች አዳራሽ ነው። የሙያ ማኅበራችን ንጉሣዊ ቻርተር፣ ማለትም ከዘውዱ የሚሰጥ የእውቅና ሰነድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። እዚያ ስትደርሱ ቀና ብላችሁ ግድግዳውን እዩ። ገበሬው፣ ማዕድን ቆፋሪው፣ የባቡር ሠራተኛው ሁሉ በድንጋይ ተቀርጸዋል። ደስ አለኝ፤ የእኛ ሥራ ያለ እነሱ ምንድን ነው?

ልቤን የወሰደው ግን «ባሮኔት» የሚባለው የክብር ማዕረግ ሂሳብ ነው። ንጉሥ ጄምስ ማዕረጉን በ1611 ሲፈጥር ዋጋው 1,095 ፓውንድ ነበር። ለምን ይህ ቁጥር? ሰውየው ከኪሳቸው ደብተር አውጥተው አሰሉልን። 30 ወታደር፣ ለእያንዳንዱ በቀን 8 ፔንስ፤ 240 ፔንስ ሆነ። ያኔ ይህ ልክ 1 ፓውንድ ነው። የ3 ዓመት ቀናት ደግሞ 1,095። ገንዘቡ አልስተር (ሰሜናዊ የአየርላንድ ክፍል) ለሚሰፍረው ጦር ተብሎ ነበር። ወታደርና ሂሳብ ከመነሻው አብረው ናቸው ማለት ነው!

ማዕረጉ ለልጅ ይወረሳል፣ «ሰር» ያስብላል፣ የፓርላማው ላይኛ ምክር ቤት ወደሆነው ሎርዶች ምክር ቤት ግን አያስገባም። አካውንታንቱ ዊልያም ፕሌንደርም በ1923 ባሮኔት ሆነዋል።

ቅር ያለኝ መጨረሻው ነው። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1537 ቻርተር የሰጡት፣ ዛሬ የተጠባባቂ ጦር የሆነው ኦነረብል አርቲለሪ ካምፓኒ የተባለው ክፍለ ጦር ሲቲ ሮድ ላይ ነው። እዚያ አምስት ደቂቃ ብቻ ቆምን። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይገባው ነበር። ለማንኛውም በሚቀጥለው ወር ባልደረቦቼን ይዤ እመለሳለሁ። ምቹ ጫማ አድርጉ።