ተንቀሳቃሽ ስክሪን ከስምንት ወር በኋላ፦ ጣጣው ያለው ኬብሉ ላይ ነው

በዩኤስቢ-ሲ ኬብል ላፕቶፕ ላይ እየተሰካ ሁለተኛ ስክሪን የሚሆነው ይህ ተንቀሳቃሽ ስክሪን 15.6 ኢንች፣ ጥራቱ 1920 በ1080 ፒክስል፣ ክብደቱ ከሽፋኑ ጋር አንድ ኪሎ ገደማ ነው። በስምንት ወር የዕለት ተዕለት ሥራ አንድም ፒክስል አልሞተበትም። እምቢ ባለ ቁጥር ጥፋቱ የተገኘው ወይ ኬብሉ ላይ ወይ ኃይሉ ላይ ነው።

የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ሁሉ ምስል አያወጣም። ዲስፕሌይፖርት አልት ሞድ ወይም ተንደርቦልት (በዚሁ ቀዳዳ ምስል የሚያስተላልፉ ሥርዓቶች) የሌለው ቀዳዳ ዳታና ቻርጅ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ ይህን ከግዢ በፊት ከላፕቶፑ ዝርዝር መግለጫ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ኬብሉም ያታልላል። አብዛኛው የስልክ ቻርጀር ኬብል ጫፉ ያው ሆኖ ምስል የሚያሳልፉት ሽቦዎች ውስጡ የሉም፤ ስክሪኑ ይበራና «ሲግናል የለም» ብሎ ይጠፋል። ከስክሪኑ ጋር የመጣውን ኬብል ምልክት አድርጎ ለብቻው ማስቀመጥ ብዙ ንዴት ያስቀራል።

ኃይል ሌላው ጉድ ነው። እንዲህ ያለ ስክሪን በመካከለኛ ብርሃን ከ5 እስከ 8 ዋት ይወስዳል፣ ሲደምቅ ወደ 10 ይጠጋል። አንዳንድ ላፕቶፕ ግን በቀዳዳው የሚሰጠው 5 ቮልት በ1.5 አምፒር፣ ማለትም 7.5 ዋት ብቻ ነው። ብርሃኑ ከፍ ሲል ስክሪኑ ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚህ ነው፤ ተበላሽቶ አይደለም። መፍትሔው ቻርጀሩን በስክሪኑ ሁለተኛ ቀዳዳ መሰካት ነው፤ ስክሪኑ ኃይል አሳላፊ ከሆነ የተረፈውን ወደ ላፕቶፑ ይልካል። መጀመሪያ ቻርጀሩ ይሰካ፣ ላፕቶፑ ቀጥሎ፤ ሥራ መሀል ሲሰካ ምስሉ ለአፍታ ይጠፋል። ያለ ቻርጀር ደግሞ ሒሳቡ መራራ ነው፦ 50 ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው፣ 10 ዋት የሚበላ ላፕቶፕ አምስት ሰዓት ይሠራ የነበረው 7 ዋት ሲጨመርበት ሦስት ሰዓት አይሞላም።

ሁለት ተጨማሪ ስክሪን ለሚያስብ፦ መደበኛው ኤም1 ወይም ኤም2 ቺፕ ያለው የአፕል ላፕቶፕ ማክቡክ ኤር በራሱ የሚቀበለው አንድ ብቻ ነው። ምስሉን በሶፍትዌር አዘጋጅቶ በዩኤስቢ በሚልክ ዲስፕሌይሊንክ አስማሚ ሁለተኛው ይጨመራል፤ ነገር ግን ድራይቨር (አስማሚውን የሚያሠራ ፕሮግራም) መጫን ይጠይቃል፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ጫና ያሳድራል፣ የቅጂ ጥበቃ ያለበት ቪዲዮም ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ላፕቶፑ ክዳን ላይ የሚታሰሩት ባለ ሁለት ክንፍ ስክሪኖች አይመከሩም፤ ክብደታቸው በሙሉ ማጠፊያው ላይ ያርፋል።

ቀለሙ ደከም ያለ ነው። መግለጫው ላይ 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ (ስክሪኑ የሚያሳየው የቀለም ስፋት መለኪያ) የሚል ፓነል ለጽሑፍ፣ ለኮድና ለሠንጠረዥ ይበቃል፤ ፎቶ ለሚያርም ሰው ግን አይሆንም። ዊንዶውስ ላይ የሁለቱ ስክሪኖች የማጉያ መጠን ከተለያየ፣ ለምሳሌ አንዱ 100 ሌላው 150 በመቶ ከሆነ፣ የቆዩ ፕሮግራሞች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲጎተቱ ፊደላቸው ይደበዝዛል።

ታጣፊው የሽፋን መቆሚያ ከሁሉም ደካማው ክፍል ነው፦ ይንሸራተታል፣ ስክሪኑንም ከዓይን በታች ያስቀምጠዋል፣ አንገት ያማል። ራሱን የቻለ መቆሚያ ላይ ስክሪኑን በቁመቱ ማቆም ለረጅም ሰነድ እጅግ ይመቻል።

ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ኬብሉ ይነቀል፤ ተሰክቶ ከተጫነ ቀዳዳው ይላላል። መስታወቱ ወደ ላፕቶፑ ክዳን ይዙር፣ በመሀላቸው ቻርጀር አይግባ።