ላጲስ፣ ጎማ፣ ትሮዳት ወይስ ሰም? የራሱን ማኅተም መንደፍ ላማረው ሠዓሊ

ጥር ሲገባ ጎንደር በእንግዳ ትሞላለች። እኔም ትንንሽ ካርዶች ሥዬ እሸጣለሁ። የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ እንጀራዬ ሌላ ነው። ለጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ታዲያ ከካርዱ ጀርባ የምመታው የራሴ ማኅተም አማረኝ። ስሜን በእስክሪብቶ መጻፍ ሰልችቶኛል። ደግሞ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እኛ አገር ማኅተም የሌለው ወረቀት ማን ያምናል?

ንድፉን ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ፋሲል ግንብ ከአራት ማዕዘን ማማዎቹ ጋር። ከበላዩ እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ያሉ ባለ ክንፍ መላእክት። ዙሪያውን ሙሉ ስሜ እስከ አያቴ፣ ከሥር "ጎንደር"። ኤ4 ወረቀት ላይ ሲታይ ያምር ነበር። ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ማኅተም ቤት ይዤው ሄድኩ። ባለሙያው አየት አደረገውና "ወንድሜ፣ ይሄ ማኅተም ነው ወይስ የግድግዳ ሥዕል?" አለኝ።

እውነቱን ነው። መጀመሪያ ሥዬ ማቴሪያሉን በኋላ ፈለግኩ። መሆን የነበረበት ግን ተቃራኒው ነው። ላጲስ የሚችለውን መስመር ሰም ላይ የሚመታ ናስ አይፈልገውም፤ ጎማ የሚችለውን ጽሑፍ ላጲስ አይችለውም። ከዚያ ወዲህ አራቱንም ሞክሬያለሁ። የብር መጠን አልጽፍም፤ ጽፌ ሳልጨርስ ይለወጣል። ከርካሹ ወደ ውዱ ስንሄድ ግን ላጲስ፣ ባለ እንጨት እጀታ ጎማ፣ ትሮዳት (ራሱ ቀለም የሚነካው ማኅተም)፣ ናስ ነው።

በገዛ እጅ መቅረጽ

ለመጀመር ከላጲስ የሚሻል የለም። ነጩ፣ ለስላሳውና ትልቁ ላጲስ ይሁን። እርሳስ ጫፍ ላይ ያለው ቀዩ ይፈረፈራል። መቅረጫ ከሌለ አዲስ ምላጭ ወይም ቀጭን ቢላ ይበቃል። አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጣችሁ ጨርሳችሁ ትነሣላችሁ። ቢበላሽ የሚበላሸው ላጲስ ነው።

ችግሩ መጠኑና መስመሩ ነው። ላጲስ ላይ ቀጭን መስመር ቀርጻችሁ ብታተርፉም ስትጫኑት ይተኛል። ስለዚህ ወፍራም ቅርጽና ቢበዛ አንድ ሁለት ፊደል ብቻ ይችላል። ዕድሜውም አጭር ነው። ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ደግሞ አታስቀምጡት። ላጲሱን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ከፕላስቲኩ ጋር ያጣብቀዋል። በወረቀት ጠቅልሉት።

ሊኖሊየም አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። የተሠራው ከተልባ ዘይት፣ ከቡሽ ዱቄትና ከእንጨት ብናኝ ነው፤ ጀርባው ጆንያ መሳይ ጨርቅ አለው። ገበያ ላይ በሜትር የሚሸጠው የፕላስቲክ ምንጣፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ "ያው ነው" ቢሏችሁ አትግዙ። ሊኖሊየም ከላጲስ የቀጠነ መስመር ይይዛል፤ ትልቅ ቅርጽም ይችላል። ብርድ ግን ያደርቀዋል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ቢላው ይንሸራተትና ጣት ይቆርጣል። ፀሐይ ላይ ጥቂት አቆይታችሁ ስትቀርጹት እንደ ቅቤ ባይሆንም እሺ ይላል። ቢላው ወደ እናንተ አይምጣ፤ የያዘው እጃችሁም ከቢላው ኋላ ይሁን።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። የስሜ መጀመሪያ "ባ" ናት። ካርቦን ወረቀት አድርጌ ፊደሏን ሊኖሊየሙ ላይ ገለበጥኩ፤ ሁለት ቀን ቀረጽኩ፤ ቀለም ቀባሁና መታሁ። የወጣው "ቦ" ነው። እስቲ አስቡት፦ ባ ግራ እግሯ አጭር፣ ቀኝ እግሯ ረጅም ነው። ማኅተም እንደ መስታወት ስለሚገለብጥ እግሮቿ ቦታ ተለዋወጡ። ሳ ብትሆንም ሶ ትሆን ነበር። ቡ ደግሞ ጎኗ ላይ ያለው ጭረት ወደ ግራ ይዞርና ፊደል ገበታ ላይ የሌለች ነገር ትሆናለች። የማትጎዳው እንደ በ ያለች ግራና ቀኟ እኩል የሆነች ፊደል ብቻ ናት።

መፍትሔው ካርቦኑን መጣል ነው። ንድፉን በለስላሳ እርሳስ ወረቀት ላይ ሣሉት። ወረቀቱን በፊቱ ደፍታችሁ ከጀርባው በማንኪያ ፈትጉት። እርሳሱ ራሱ ተገልብጦ ይሰፍራል። ካርቦን የማይገለብጠውን ይህ ያለ ምንም ሒሳብ ይገለብጠዋል።

ማኅተም ቤት፦ ባለ እንጨት እጀታውና ትሮዳቱ

ሰው ብዙ የሚያመነታው እዚህ ነው። ሁለቱም የጎማ ማኅተም ናቸው። ፊቱም በአንድ ዓይነት መንገድ ይሠራል፤ ወይ በሌዘር ጎማ ይቀረጻል፣ ወይ ፈሳሽ ፖሊመር በፊልም በኩል የአልትራቫዮሌት ብርሃን አግኝቶ ይደርቃል። ልዩነቱ ከፊቱ በላይ ያለው ነው። ቲተር ያሠራ ሰው ሁለቱንም ያውቃቸዋል። አንደኛው የእንጨት እጀታ አለው፤ ቀለሙን ከተለየ ስፖንጅ ይነካል። ሁለተኛው ስትጫኑት ራሱ ቀለም ነክቶ፣ ተገልብጦ ወርዶ የሚመታው ነው። በሥራው ስሙ "አውቶማቲክ" ነው፤ እኛ ግን ማንም ይሥራው ማን ትሮዳት እንለዋለን። ትሮዳት የኦስትሪያ ኩባንያ ስም ነው።

ብዙ ካርድ የሚመታ ሰው ትሮዳትን ይወደዋል። መቶውም ካርድ እኩል ይወጣል። ባለ እንጨቱ የእጅ ነገር ነው፤ ትንሽ ካዘነበላችሁት የጎማው ጠርዝ ጭምር ይታተማል፤ ቀስ ብላችሁ ከተጫናችሁት መሃሉ ይገረጣል። ለኔ ግን እሱ ራሱ ደስ ይለኛል። ሁለት ካርድ አንድ ዓይነት አለመሆኑ የእጅ ሥራ መሆኑን ይመሰክራል። ይሄን ስል ማኅተም ቤቱ ሰውዬ ሳቀ፤ "ደንበኛ በዚህ ነው የሚጣላኝ" አለ።

ሠዓሊን የሚመለከተው ትልቁ ልዩነት ቀለም ነው። ትሮዳት ውስጥ ያለው ስፖንጅ አንድ ቀለም ይጠጣል፤ በዚያው ይኖራል። ወደ ሌላ ቀለም መሄድ ማለት ሌላ ስፖንጅ መግዛት ነው። ባለ እንጨቱን ግን ዛሬ በቀይ፣ ነገ በአረንጓዴ፣ ሲያሻችሁ በብሩሽ ቀብታችሁ በሁለት ቀለም ትመቱታላችሁ። ጨርቅ ላይ መምታት ካማራችሁም የጨርቅ ቀለም ትቀቡታላችሁ። ትሮዳት ሰውነቱ ስለሚከለክለው ወጣ ገባ ነገር ላይና ጠባብ ጥግ ላይ አይደርስም። መጠኑም የተወሰነ ነው፤ ትልቅ ማኅተም ከፈለጋችሁ እንጨቱ ነው ያለው።

በሁለቱም ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ ዘይት ያለበት ቀለም ጎማውን ያሳብጠዋል። ለማኅተም የተሠራ፣ ውሃ ነክ ቀለም ግዙ። ይሄው ቀለም አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት ላይ አይደርቅም። የመጀመሪያ ዓመት ሃያ የሚሆኑ ካርዶቼ በዚህ ተበላሹ፤ አንዲት እንግዳ ጣቷን ሰማያዊ አድርጋ ሄደች።

ክቡ ውስጥ ምን ይገባል?

ወደዚያ የግድግዳ ሥዕል ልመለስ። የተለመደው ክብ አውቶማቲክ 42 ሚሊ ሜትር ነው። ፊደሎቹ ከመሃል 18 ሚሊ ሜትር ርቀው ከዞሩ መንገዳቸው 113 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የኛ ፊደል እግርና ቀለበት ስላለው ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ ቀለሙ ይዘጋዋል። እያንዳንዱ ከነአየሩ አራት ተኩል ሚሊ ሜትር ቢይዝ 25 ፊደል ነው የሚገባው፤ ክፍተቱም ተቆጥሮ ነው። "ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" 15 ፊደል ነው፤ ከነክፍተቱ 18። የንጉሥ ማዕረግ በዚህ ከተገለጸ የኔ ስም እስከ አያቴ መሄዱ ምን ይባላል?

ሥዕሉም እንዲሁ። ግንቡን ሙሉውን አትሣሉ፤ እሱ ከቲሸርት እስከ ሆቴል ታፔላ ሞልቷል። አንዷን ማማ ከነእንቁላል መሳይ ጉልላቷ ብትወስዱ ጎንደሬ ሁሉ ያውቃታል። ከመላእክቱም አንድ ፊት ይበቃል፤ ሁለት ትልልቅ ዓይን፣ ሁለት ክንፍ። ንድፉን በእውነተኛ መጠኑ አትማችሁ ክንድ ርቀት ላይ ያዙት። ያልታየው መስመር ይጥፋ። ከ0.3 ሚሊ ሜትር የቀጠነውም ይወፍር።

ማኅተም ቤት ስትሄዱ የስልክ ፎቶ ይዛችሁ አትሂዱ። ኢንክስኬፕ የሚባል የኮምፒውተር መሣያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ እሱ ላይ በመስመር የተሠራ ፋይል ስታሳንሱትም ስታሳድጉትም አይደበዝዝም። ፊደሎቹን ወደ ቅርጽ ለውጣችሁ በፒዲኤፍ ስጡ። አለበለዚያ የእነሱ ኮምፒውተር ላይ የናንተ ፎንት ከሌለ ማኅተማችሁ ሳጥን በሳጥን ሆኖ ይመጣል። እዚህ ላይ ንድፉን እናንተ አትገልብጡ፤ እነሱ ይገለብጡታል። ሁለታችሁም ከገለበጣችሁት ሌላ "ቦ" ነው።

ደግሞ ክብና ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ አታድርጉት። እኛ አገር ያ የመሥሪያ ቤት መልክ ነው። የመጀመሪያዬን ያየ ጓደኛዬ "የየትኛው ቀበሌ ነው?" ብሎኛል። ቀልዱን ትተን፣ የመንግሥትን ማኅተም ማስመሰል ወንጀል ነው። ሞላላ ወይም አራት ማዕዘን፣ በቡና ዓይነት ወይም በአረንጓዴ ቀለም ብታደርጉት ከዚህ ሁሉ ትድናላችሁ። "የግል" መሆኑን ለባለሙያውም ንገሩት፤ የድርጅት ከመሰለው ደብዳቤና ንግድ ፈቃድ መጠየቁ አይቀርም።

ሰም

ይሄ ውበቱ ሌላ ነው። ናስ ላይ የተቀረጸ ማኅተም የቀለጠ ሰም ላይ ሲያርፍ ሥዕሉ ከፍ ብሎ ይነሣል። ናሱን ለአንጥረኛ ማስቀረጽ ወይም በማሽን ማስቆፈር ይቻላል። ጥልቅና ቀላል ቅርጽ ይፈልጋል፤ የማማዋ ጉልላት እዚህ ላይ ከሁሉም አምራ ወጥታለች። አንዴ ከተሠራ ዕድሜ ልክ ነው።

ሞኝነቴ ሰሙ ላይ ነበር። ቤት ውስጥ የነበረ ጧፍ አቅልጬ መታሁበት። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በእጅ ሙቀትም ይለሰልሳል። ናሱ ላይ ተጣበቀ፤ የቀረውም ኪስ ውስጥ ተጨፈለቀ። ለማኅተም የሚሆነው የዛፍ ሙጫ የተቀላቀለበት ጠንካራ ሰም ነው። ናሱንም በየመሃሉ በረዶ ላይ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እያስቀመጣችሁ፣ እያደረቃችሁ ብትመቱ አይጣበቅም። ጠንካራው ሰም በበኩሉ ተሰባሪ ነው፤ በፖስታ ከላካችሁት ተፈርፍሮ ሊደርስ ይችላል። በእጅ ለሚሰጥ የሠርግ ጥሪ ወይም ለአንድ ትልቅ ሥዕል ጀርባ ከሆነ ግን ከዚህ የሚበልጥ የለም። ለመቶ ካርድ አላስበውም፤ ክብሪቱ ብቻ ያከስራል።

ስልክ ላይ ብቻ ለሚለጥፍ ሰው ኢንክስኬፑ ፋይል በቂ ነው። ምንም አይግዛ።

እኔ በመጨረሻ የያዝኩት ባለ እንጨት እጀታውን ነው፤ ሞላላ፣ አንዲት ማማ፣ ከሥሯ "ጎንደር"። በዓመት ሦስት መቶ ካርድ የምመታ ቢሆን ትሮዳት እገዛ ነበር። ገና እጁን የሚፈታ ሰው ደግሞ ሁለት ላጲስ ገዝቶ ይጀምር፤ ስለ መስመር ውፍረት ያ ከማንም በላይ ያስተምረዋል። ሊኖሊየሟን አልጣልኳትም። ጓደኞቼ ካርድ ሲያዙ "በቦ ምታልን" ይሉኛል፤ እመታላቸዋለሁ።