የዲዝኒ ማራቶን «ሙሉ ፓኬጅ» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰላም ወገኖች። ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አጠገብ በሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ የሚካሄደውን የማራቶን ሰሞን «ሙሉ ፓኬጅ» እያሉ በቴሌግራምና በፌስቡክ ለሐበሻ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። የመሮጫ ቁጥር፣ ሆቴል፣ የፓርክ መግቢያ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ መቀበያ፣ ጫማና ልብስ የተሞላ ሻንጣ ሳይቀር ሁሉንም አንድ ላይ አድርገው በአንድ ዋጋ ያቀርባሉ። እህቴና ባለቤቷ ከእነዚህ ሰዎች ከአንዱ ገዝተው የደረሰባቸውን ሁሉ አብሬያቸው ሆኜ አይቻለሁ። የሻጩን ስም አልጠራም፤ ነገ በሌላ ስም ሊመጣ ይችላል። አሠራሩን ካወቃችሁ ግን በማንም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

ከሁሉ በፊት የመሮጫ ቁጥሩ። የዲዝኒ ውድድር ቁጥር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አይሸጥም፣ በስጦታ አይሰጥም፣ ለሚቀጥለው ዓመት አይዛወርም፣ የተከፈለውም ገንዘብ አይመለስም። ይህ ሁሉ ስትመዘገቡ በምትስማሙበት ውል ላይ ተጽፏል። ቁጥሩን የሚረከበው የተመዘገበው ሰው ራሱ ነው፤ ኢኤስፒኤን ዋይድ ወርልድ ኦፍ ስፖርትስ በሚባለው ግቢ ወደሚዘጋጀው ኤክስፖ በአካል ሄዶ፣ ፎቶ ያለው መታወቂያ አሳይቶ ነው የሚወስደው። ባል ለሚስቱ እንኳ አይወስድላትም። እንግዲህ «ቁጥር አለኝ፣ ሥራ ስለያዘኝ ልልቀቀው» የሚላችሁ ሰው፣ እውነተኛ ቁጥር ቢኖረው እንኳ ለእናንተ ሊያስረክበው የሚችልበት መንገድ የለም።

እህቴ የተሸጠላት የግማሽ ማራቶን ቁጥር ነበር። «ተመዝግበሻል» ተብሎ የደረሳት ማረጋገጫ ከስልክ ላይ የተነሳ ምስል ነው፤ ስሟ አለበት፣ አርማው አለበት፣ ቀኑም ልክ ነው። ኤክስፖው ላይ ተራዋ ደርሶ መታወቂያዋን ስትሰጥ ሠራተኛዋ በስሟ ፈለገች፣ በአባቷ ስም ፈለገች፣ በአያቷም ስም ፈለገች። የለም። ወደ ሻጩ ስንደውል «ችግር የለም፣ አንዲት ልጅ ፓርኪንጉ ላይ ትጠብቅሻለች» አለን። ልጅቷ መጣች፤ የያዘችው ቁጥር ላይ የሌላ ሴት ስም በትልቁ ታትሟል። ለዚያውም «ለመረከቢያ» ተጨማሪ 100 ዶላር ጠየቀች። እህቴ አልወሰደችም። ለዚህ ውድድር ከክረምቱ ጀምራ ስትዘጋጅ፣ በነቢያት ጾም ሳይቀር ከሥራ በፊት በጨለማ እየተነሳች ስትሮጥ የነበረች ሰው ናት። ቁጥሩን አልወስድም ብላ ስትመለስ ፊቷን ማየት ለእኔ ከባድ ነበር፤ ያደረገችው ግን ልክ ነው።

ልክ የሚያደርገው ደግሞ ሕጉ ብቻ አይደለም። የሯጭ መረጃ፣ የአደጋ ጊዜ ስልኩ ጭምር፣ የሚገኘው በቁጥሩ ነው። በሌላ ሰው ቁጥር እየሮጣችሁ ብትወድቁ ሐኪሞቹ የሚያዩት የማታውቁትን ሰው ዕድሜና ስም ነው፤ የሚደወለውም የማታውቁት ሰው ቤት ነው። ከተደረሰባችሁ ከውድድሩ ትሰረዛላችሁ፤ ለወደፊቱም ልትታገዱ ትችላላችሁ። በ2017 የግማሽ ማራቶኑ በመብረቅ ስጋት ምክንያት ተሰርዞ ነበር። ያኔ አዘጋጁ ማካካሻ አማራጭ የሰጠው በመዝገብ ላይ ስማቸው ላለ ሰዎች ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቢደገም በሰው ቁጥር የመጣ ሰው ምንም የሚጠይቀው የለም።

ራሳችሁ በትክክለኛው መንገድ ስትመዘገቡም አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ ሐበሾች ቤት የምንጠራበት ስምና መታወቂያ ላይ ያለው ስም ብዙ ጊዜ ይለያያል። ፓስፖርቱ ቤተልሔም ሲል ምዝገባው ቤቲ ካለ፣ ወይም የአባት ስም በአንዱ ላይ መሐል ስም በሌላው ላይ የመጨረሻ ስም ከሆነ፣ ኤክስፖው ላይ መጉላላት አለ። በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አስገቡ።

ሻጩ ለብዙ እናቶችም «እያወሩ በእግር መሄድ ነው፣ የሰዓት ገደብ የለውም» ብሎ እንደሸጠ በኋላ ሰማሁ። ገደብ አለው። ግማሹም ሆነ ሙሉው ማራቶን በማይል 16 ደቂቃ ነው፤ በኪሎ ሜትር 10 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ሙሉው 42 ኪሎ ሜትር ሰባት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሰዎች «የፊኛ እመቤቶች» የሚሏቸው ፊኛ ያሰሩ ሯጮች ከመጨረሻው ተነስተው በዚሁ ልክ ይሄዳሉ፤ ከእነሱ ኋላ የቀረ ሰው በአውቶቡስ ሊነሳ ይችላል። ፈጠን ብሎ ለሚራመድ ሰው ይቻላል፤ ያለ ልምምድ ግን ለ60 ዓመት እናት «ሽርሽር ነው» ብሎ መሸጥ ጤናዋ ላይ መፍረድ ነው።

ሆቴሉ «ዲዝኒ ውስጥ» ተብሎ ነበር የተሸጠው። ስንደርስ ከዲዝኒ ውጭ ኪሲሚ በምትባል ከተማ፣ ሀይዌይ 192 ዳር ያለ ሞቴል ሆኖ አገኘነው። ሞቴል ማደር ነውር የለበትም፤ ዋጋው የሞቴል ከሆነ። የተከፈለው ግን የዲዝኒ ሆቴል ዋጋ ነው። ልዩነቱ ደግሞ የአልጋና የመዋኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ውድድሩ የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በዲዝኒ ሆቴሎች ያደረ ሯጭ ከብዙ ሰዓት ቀድሞ አውቶቡስ በሩ ድረስ ይመጣለታል። ውጭ ያደረ ሰው መኪና ነድቶ፣ መንገዶች ሳይዘጉ ደርሶ፣ ኤፕኮት በሚባለው የዲዝኒ ፓርክ አካባቢ ማቆም አለበት። የሙሉው ማራቶን መስመር አራቱን ፓርኮች ስለሚያዳርስ የሚዘጋው መንገድ ብዙ ነው። ማንም ሆቴል ይዤላችኋለሁ ካላችሁ የማረጋገጫ ቁጥሩን ተቀበሉና ራሳችሁ ለሆቴሉ ደውሉ፦ በማን ስም ነው? ተከፍሏል ወይስ ተይዟል ብቻ? እኛ ጋ ክፍሉ የተያዘው በሻጩ ስም ነበር፤ ክፍያውም አልተፈጸመም።

የመግቢያ ትኬቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለውድድሩ መመዝገብ ፓርክ አያስገባም። በፓርኩ መሐል ሮጣችሁ ታልፋላችሁ፤ ከሰዓት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመግባት ግን ሌላ ትኬት ያስፈልጋል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ደግሞ በነፃ ነው የሚገባው። ሻጩ የእህቴን የ2 ዓመት ልጅ ትኬት አስከፍሎ ነበር። ይህች ብቻዋ ብትሆን ስህተት ነው እንል ነበር።

ለአዋቂዎቹ የተሰጧቸው ትኬቶች የብዙ ቀን ሆነው ከፊላቸው ጥቅም ላይ የዋለ ነበር። የዲዝኒ መግቢያ ላይ ጣት ያስነካሉ፤ ትኬቱ መጀመሪያ ከተጠቀመበት ሰው ጣት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለሌላ ሰው አይከፍትም። በፍሎሪዳ ሕግ አንዴ ጥቅም ላይ የዋለና የማይተላለፍ የብዙ ቀን ትኬትን መልሶ መሸጥ ራሱ ወንጀል ነው። አማቼ ሁለት ልጆች ይዞ፣ ትልቋ የሚኪን ጆሮ አድርጋ፣ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ወደዚህ ጉዳይ የሚያስገባ ሌላ ወጥመድም አለ፤ የእኛ ሻጭ «በትኬቱ ካልተደሰታችሁ ርካሽ አገኝላችኋለሁ» ብሎ የላከን ወደዚያው ነው። ሀይዌይ 192 እና ኢንተርናሽናል ድራይቭ ላይ በቅናሽ ትኬት የሚሸጡ ትናንሽ ሱቆች አሉ። ቅናሹን የምታገኙት የታይምሼር፣ ማለትም የእረፍት ቤትን በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ የመጠቀም መብት የሚሸጥበት ገለጻ ላይ ከተቀመጣችሁ ነው። «90 ደቂቃ ብቻ» ይባላል፤ ከዚያ አንዱ ሻጭ ሄዶ አለቃው ይመጣል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ ግማሽ ቀን ያልፋል። በማግስቱ በሌሊት ተነስቶ ለሚሮጥ ሰው ያ ቀን የእረፍት ቀኑ ነው። ተሸንፎ የፈረመ ሰው ካለ ተስፋ አይቁረጥ፦ በፍሎሪዳ ሕግ ውሉን ለመሰረዝ 10 ቀን አለው፤ ስረዛውን በጽሑፍ ያድርግ፣ የላከበትንም ደረሰኝ ይያዝ።

አሁን ወደ ሻንጣው። እኔን ከሁሉ በላይ ያናደደኝ እሱ ነው፤ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን እግር ያበላሻል። «የማራቶን ዝግጅት ሻንጣ» የተባለው ውስጥ የታዋቂ ድርጅት ምልክት ያለበት የመሮጫ ጫማ፣ ቲሸርት፣ የዝናብ ላስቲክና በርከት ያለ የኃይል ጄል ነበር። ጫማውን ወስጄ በደንብ አየሁት። በቀኙ ምላስ ውስጥ ባለው መለያ ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥርና በግራው ላይ ያለው አይመሳሰሉም። የውስጥ ሶሉን በጣት ሳነሳው ከሥሩ ደረቅ ካርቶን የመሰለ ነገር ነው። ተረከዙ ላይ ሙጫው ወጥቶ ደርቋል። የጄሎቹ ቀን አልፏል። በዚህ ጫማ 21 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው ጥፍሩ ባይወልቅ ጉልበቱን ያመዋል። ጫማው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ለውድድሩ ቀን አዲስ ጫማ አይደረግም። ሳምንታት የሮጣችሁበት፣ እግር ሲያብጥ የሚሆን ትንሽ ቦታ ያለው፣ ካልሲውም የለመዳችሁት መሆን አለበት። ስለዚህ ማንም ሊሸጥላችሁ የሚችል የማራቶን ሻንጣ የለም፤ ሻንጣውን የሚሞላው ልምምዳችሁ ነው።

ራሳችሁ ስታዘጋጁ የውድድሩን ቀን ነገር በሙሉ በእጅ በሚያዘው ሻንጣ አድርጉ፦ ጫማ፣ ካልሲ፣ ልብስ፣ መታወቂያ። የሚጫነው ሻንጣ ቢጠፋ ጂንስ መግዛት ትችላላችሁ፤ የለመዳችሁትን ጫማ ግን አታገኙትም። ጄል በአውሮፕላን ፍተሻ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው፤ እያንዳንዱ ከ100 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ ሆኖ ከሌሎቹ ፈሳሾች ጋር በአንዱ ትንሽ ከረጢት ይገባል። በሶና ዳቦ ቆሎ ለለመደ ሆድ ከማያውቀው ጄል ይሻላል፤ እኔ ይዤ ነው የምሄደው። የኦርላንዶ ጃንዋሪ ደግሞ አይታመንም። በ2010 ሯጮች በረዶ አዘል ዝናብ ወርዶባቸዋል፤ በሌላ ዓመት ሌሊቱ ሁሉ ወበቅ ነው። ከመነሳቱ በፊት ለረጅም ሰዓት በጨለማ ቆሞ መጠበቅ ስላለ ቢጣል የማይቆጭ አሮጌ ሹራብና ሱሪ ከላይ ደርቡ።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ እህቴ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ የላከችው ከባንክ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ ገንዘብ በሚልከው በዜል ነው። ሻጩ ክሬዲት ካርድ አልቀበልም ያለው «ኮሚሽኑ ለባንክ ከሚሄድ ለወገን ይቅር» ብሎ ነው። ዜልና ካሽ አፕ ላይ በፈቃዳችሁ የላካችሁት ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይመለስም። በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ግን ያልቀረበለትን አገልግሎት መቃወም ይችላል፤ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ ቢል ከተላከ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ነው። «2 ቦታ ብቻ ቀረ፣ ዛሬ ማታ ካልላካችሁ ያልፋችኋል» የሚል መልእክት ሲመጣ ደግሞ የምትሰጡት መልስ አንድ ይሁን፦ በካርድ እከፍላለሁ፣ በስሜ መመዝገቤን ራሴ ገብቼ ልይ። እውነተኛ ሻጭ ይህን አይፈራም።

ውድድሩ ቶሎ ይሞላል፤ ሰውን ወደነዚህ ሻጮች የሚገፋውም እሱ ነው። ከሞላ በኋላም ግን ሕጋዊ በር አለ። ከአዘጋጁ ጋር የሚሠሩ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተወሰነ ገንዘብ ለሚያሰባስብላቸው ሯጭ ቦታ ይሰጣሉ። የተፈቀደላቸው የጉዞ ወኪሎችም አሉ፤ ሁለቱም በራሱ በአዘጋጁ ድረ ገጽ ላይ ተዘርዝረዋል። እዚያ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ቁጥር አለኝ ቢል አትመኑት። ፍሎሪዳ ሆኖ ጉዞ የሚሸጥ ሰው ደግሞ በግዛቲቱ የግብርናና የሸማቾች አገልግሎት መምሪያ መመዝገብ አለበት፤ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁትና መምሪያው ጋ አጣሩ። የእኛው ሻጭ ሲጠየቅ ከግሩፑ አስወጣን።

አሁን ከፍላችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ ጃንዋሪን አትጠብቁ። ዛሬውኑ በስማችሁ ምዝገባ መኖሩን በራሳችሁ ኢሜይል አጣሩ፣ ለሆቴሉ ደውሉ፣ የቻታችሁንና የክፍያውን ምስል ሳይጠፋ አስቀምጡ። ሻጩ መልእክቶቹን ከሁለቱም በኩል ማጥፋት ይችላል፤ እኛ ላይ አድርጎታል። በካርድ ከሆነ የከፈላችሁት ለካርድ ድርጅታችሁ፣ በዜል ከሆነ ለባንካችሁ አመልክቱ፤ ለፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ኤፍቲሲም ሪፖርት አድርጉ። እንግሊዝኛው ለሚያስቸግራቸው እናቶችና አባቶች ቅጹን አብሬ እሞላለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።