መክፈቻ መሸምደድ ወይስ መጨረሻውን ማጥናት?

ቼዝ የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መክፈቻ፣ ማለትም ወደ ጨዋታው የመጀመሪያ እርምጃዎች፣ ነው። አይፈረድበትም፣ ቶሎ ይያዛል፣ ደስም ይላል። ችግሩ የሚመጣው ተጋጣሚው በ5ኛው እርምጃ ከሸመደዱት መስመር ሲወጣ ነው። የሸመደዱት ሁሉ እዚያው ላይ ያልቃል። ለጀማሪ መሀሉን መያዝ፣ ፈረሶችን ቶሎ ማውጣትና ንጉሡን መጠበቅ ይበቃዋል።

የጨዋታው መጨረሻ ግን ሌላ ነው። ነጭ አንድ ንጉሥና አንድ ወታደር፣ ጥቁር ንጉሥ ብቻ ቀርቷቸዋል እንበል። ወታደሩን ዝም ብለው ከገፉት የጥቁሩ ንጉሥ ፊቱ ይገተራል፣ መጨረሻ ላይ መላወሻ ያጣና ጨዋታው አቻ ይሆናል። ንጉሥዎን አስቀድመው ከራስዎ በኩል ሲቆጠር 6ኛው ረድፍ ላይ ካደረሱና ወታደሩ ከኋላው 5ኛው ላይ ከቆመ ግን፣ ተራው የማንም ይሁን ያሸንፋሉ። የዳር ወታደር ብቻ ነው ከዚህ የሚለየው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ያሸነፍኩትን ጨዋታ አቻ አውጥቻለሁ! አሁንም ያንገበግበኛል።

እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ካፓብላንካም መጨረሻውን አስቀድማችሁ አጥኑ ባይ ነበር። በሳምንት ሦስት ሰዓት ካለዎት ሁለቱን ለመጨረሻው ይስጡ። ዛሬውኑ ሁለት ንጉሥና አንድ ወታደር ሰሌዳው ላይ ደርድረው ይሞክሩት።